ወረዳውና ኮረብታው፦ ስለ ሞልቨርን ሂልስ ለቀረበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በእንግሊዝ ምዕራብ ሚድላንድስ፣ በዉስተርሽር ካውንቲ (ካውንቲ ከወረዳ በላይ ያለ የአስተዳደር ክፍል ነው) ስለሚገኘው የሞልቨርን ሂልስ ወረዳ የተጻፈ አንድ የአማርኛ መግለጫ ሰሞኑን በብዙ አንባብያን እጅ ገብቷል። ጽሑፉ በለሰለሰ ቋንቋ የቀረበ ነው፤ ጸሐፊው ለቦታው ፍቅር እንዳላቸውም ያስታውቃል። ይዘቱ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ወረዳው ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የነበረ ጥንታዊ አስተዳደር ነው፤ ስመ ጥሮቹ ኮረብታዎችና የሞልቨርን ውሃ የወረዳው ንብረቶች ናቸው፤ ሕዝቡ የሚኖረው በእርሻና በጡረታ ገንዘብ ነው፤ ትምህርት ቤቱን፣ መንገዱንና ሆስፒታሉን የሚያስተዳድረው የወረዳው ምክር ቤት ነው፤ የገጠሩ ኑሮ የተደላደለና ጭንቀት የሌለበት ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የስደት ዘመናቸውን ያሳለፉት በዚሁ ወረዳ ነው፤ በመጨረሻም ወረዳው በቅርቡ ተሰርዟል።

ከእነዚህ ነጥቦች አንዳንዶቹ ፈጽመው የተሳሳቱ፣ አንዳንዶቹም ግማሽ እውነት የያዙ ናቸው። የሁሉም ምንጭ ግን አንድ ይመስለኛል፤ ጸሐፊው ኮረብታውን ሲያዩ ወረዳውን ያወቁት መስሏቸዋል። ወረዳ ግን ሕግ ያሰመረው ድንበር፣ ለምክር ቤት ተለይቶ የተሰጠ ሥልጣንና ከነዋሪው የሚሰበሰብ ግብር ነው፤ እነዚህን ሦስቱን የዘለለ መግለጫ የቱንም ያህል ቢያምር የጉብኝት ማስታወሻ ከመሆን አያልፍም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጥንታዊነቱ ልጀምር። የሞልቨርን ሂልስ ወረዳ የተወለደው ሚያዝያ 1 ቀን 1974 ነው። በ1972 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ በመላው እንግሊዝ የነበሩትን ትንንሽ የከተማና የገጠር ወረዳዎች አፍርሶ በትልልቆቹ ሲተካ፣ የሞልቨርን ከተማ ወረዳ በዙሪያው ከነበሩት የገጠር ወረዳዎች ጋር ተጠቃልሎ አዲሱ ወረዳ ተመሠረተ። በዚያው ዕለት ዉስተርሽርና ሄሪፎርድሽር የተባሉት ሁለት ካውንቲዎች ተዋህደው አንድ ካውንቲ እንዲሆኑ ስለተደረገ፣ ወረዳው ድሮ የሁለቱ ካውንቲዎች የነበሩ መንደሮችን በአንድነት ያቀፈ ነበር። ሌድበሪና ብሮምያርድ የተባሉት የሄሪፎርድሽር ከተሞች ያን ጊዜ በዚህ ወረዳ ሥር ነበሩ። ጋብቻው ብዙም አልሰመረም፤ በ1998 ሁለቱ ካውንቲዎች ተለያዩ፣ ሌድበሪና ብሮምያርድ ወደ ሄሪፎርድሽር ተመለሱ፣ በምትኩም እስከዚያ ድረስ በሌምስተር ወረዳ ሥር የነበረችው ቴንበሪ ዌልስ ከአካባቢዋ ጋር ወደ ሞልቨርን ሂልስ መጣች። እንግዲህ ዛሬ በካርታ ላይ የምናየው የወረዳው ቅርጽ ዕድሜው ከ1998 አይቀድምም።

ጸሐፊው ለጥንታዊነቱ ማስረጃ አድርገው የጠቀሱት የሞልቨርንን ትልቁን ገዳም ነው። ገዳሙ በእርግጥም በ1085 ገደማ የተመሠረተ ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያኑ እስከ ዛሬ ይቀደስበታል። ነገር ግን የገዳም ዕድሜ ለወረዳ አይወረስም። በዚህ አካባቢ የቆየ አስተዳደር የሚፈልግ ሰው ሊመለከት የሚገባው የአጥቢያ ምክር ቤቶችን ነው፤ አጥቢያዎቹ ራሳቸው በቤተ ክርስቲያን አከላለል እጅግ የቆዩ ሲሆኑ፣ የተመረጠ ምክር ቤት ያገኙት ደግሞ በ1894 በወጣው ሕግ ነው። ወረዳው ቢፈርስም ባይፈርስም እነሱ አሉ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ የኮረብታዎቹና የውሃው ባለቤትነት ነው። ወረዳው ስሙን የወሰደባቸው ኮረብታዎች 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ሰንሰለት ናቸው፤ ከፍተኛው ጫፍ ዉስተርሽር ቢከን 425 ሜትር ይደርሳል፣ ድንጋዮቹም ከ600 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ያስቆጠሩና በእንግሊዝ ምድር ካሉት ጥንታዊ ዓለቶች የሚመደቡ ናቸው። ይሁን እንጂ የካውንቲው ድንበር የሚያልፈው በአብዛኛው በሰንሰለቱ ጀርባ ላይ ነው። ከጫፉ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው የሚያየው ወረዳውን ሲሆን፣ ወደ ምዕራብ ፊቱን ሲያዞር ግን የሚያየው ሄሪፎርድሽርን ነው። ጭቅጭቁም ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የግሎስተር መስፍን የነበሩት ጊልበርት ደ ክሌር ከሄሪፎርድ ጳጳስ ጋር በአደን መሬት ተጣልተው ወሰናቸውን ያስከበሩበት ቦይ በጀርባው ላይ እስከ አሁን ይታያል።

ኮረብታዎቹን የሚጠብቃቸውም የወረዳው ምክር ቤት አይደለም። በ1884 ፓርላማው ባወጣው ልዩ ሕግ የተቋቋመ ራሱን የቻለ አካል አለ፤ ዛሬ የሞልቨርን ሂልስ ትረስት ይባላል። በጊዜው አንድ በኩል የመሬት ባለቤቶች የጋራ ግጦሹን እያጠሩ ሲወስዱ፣ በሌላ በኩልም የድንጋይ ካባ ኮረብታውን እየበላው ሲሄድ፣ ይህን ለማስቆም ነበር ሕጉ የወጣው። ድርጅቱ ዛሬ 1,200 ሄክታር ያህል መሬት ይንከባከባል፤ በጎችና ከብቶች እያሰማራ ቁጥቋጦው ሜዳውን እንዳይውጠው ያደርጋል። ለዚህ ሥራ ከሚያስፈልገው ገንዘብ የተወሰነውን የሚያገኘው በኮረብታው ግርጌ ካሉ ጥቂት አጥቢያዎች ነዋሪዎች ነው፤ ክፍያው ከካውንስል ታክሳቸው፣ ማለትም ለአካባቢ አስተዳደር ከሚከፍሉት የቤት ግብር፣ ጋር ተደምሮ ይሰበሰባል። ከእነዚህ አጥቢያዎች ውስጥ በሄሪፎርድሽር በኩል ያሉ መኖራቸውን ልብ ይሏል። እንዲህ ያለውን ነገር ጸሐፊው ቢያነሡት ኖሮ አንባቢው ስለ እንግሊዝ ገጠር አስተዳደር አንድ ቁም ነገር በተማረ ነበር። በ1959 አካባቢው ልዩ የተፈጥሮ ውበት ያለው ተብሎ ሲከለልም፣ ክልሉ ሦስት ካውንቲዎችን የሚነካ እንጂ የወረዳውን ድንበር የተከተለ አልነበረም።

ስለ ውሃው ደግሞ ጽሑፉ “የሞልቨርንን ውሃ የሚያሽገው ትልቁ ፋብሪካ ዛሬም ለወረዳው ወጣቶች እንጀራ ነው” የሚል ሐሳብ አለው። ፋብሪካው የነበረው ኮልዎል በተባለችው መንደር ሲሆን፣ ኮልዎል የምትገኘው ሄሪፎርድሽር ውስጥ ነው። ባለቤቱ የነበረው ኮካ ኮላም በ2010 ዘግቶታል። ዛሬ ከወረዳው ውስጥ የሚታሸግ ውሃ ቢኖር ሞልቨርን ዌልስ ላይ ከሚገኘው ከጥንቱ ቅዱስ ምንጭ በአነስተኛ መጠን የሚቀዳው ነው።

ሦስተኛው፣ ማለትም “በእርሻና በጡረታ የሚኖር ሕዝብ” የሚለው፣ ከሁሉ የበለጠ ሊታረም የሚገባው ነጥብ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ወረዳው 577 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ በ2021ዱ ቆጠራ የተገኘው ሕዝብ 80 ሺህ ገደማ ነው። ከዚህም 30 ሺህ ያህሉ የሚኖረው በሞልቨርን ከተማ ሲሆን፣ ቀጥለው የሚመጡት ቴንበሪ ዌልስ 4 ሺህ፣ አፕተን አፖን ሰቨርን ደግሞ 3 ሺህ ያህል ነዋሪ ያላቸው አነስተኛ የገበያ ከተሞች ናቸው። የቀረው ሕዝብ በመንደሮችና በተበታተኑ የእርሻ ቤቶች ይኖራል። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑት ከነዋሪው ሩብ ይበልጣሉ። በቲም ወንዝ ሸለቆ የፖምና የፒር ዛፎች፣ ቢራ የሚጠመቅበት የፈረንጅ ጌሾም ይለማሉ። ከፖሙ ሳይደር፣ ከፒሩም ፔሪ የተባለው መጠጥ ይጠመቃል። ቴንበሪ ከገና በፊት በሚደረገው የሚስልቶ ጨረታዋ ትታወቃለች፤ ሚስልቶ በፖም ዛፍ ላይ የሚበቅል ተቀጽላ ሲሆን፣ እንግሊዞች ለበዓሉ ቤታቸው ውስጥ ይሰቅሉታል። በሞልቨርን ዳርቻ ያለው የሦስቱ ካውንቲዎች የዐውደ ርዕይ ሜዳም የገበሬውና የአትክልተኛው መገናኛ ነው። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንለያይም።

የምንለያየው “ስለዚህ እዚህ ኢንዱስትሪና ሳይንስ የለም” ሲሉ ነው። ሞልቨርን መንደር ከመሆን ወጥታ ከተማ የሆነችው በ1842 ጄምስ ዊልሰንና ጄምስ ጋሊ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በቀዝቃዛ ውሃ የማከሚያ ቤቶች ከከፈቱ በኋላ ነው። ሕመምተኛው በእርጥብ አንሶላ ይጠቀለላል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፣ ወደ ኮረብታው ወጥቶ ምንጭ ይጠጣል፤ ለዚህም ጥሩ አድርጎ ይከፍላል። የእኛ ሰው ጠበል ለመጠመቅ ርቆ የሚሄድበትን ልማድ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ እዚህ ሆቴሉ፣ ሐኪሙና በኋላም በ1860 የተከፈተው ባቡር ጣቢያ አብረው ማደጋቸው ነው። ቻርልስ ዳርዊን ራሱ ታክሞበታል፤ በ1851 ግን ለሕክምና ያመጣት የአሥር ዓመት ልጁ አኒ እዚያው ሞታ በገዳሙ ቅጥር ግቢ ተቀብራለች። የሕክምናው ዝና ሲደበዝዝ ትልልቆቹ ቤቶች ባዶ አልቀሩም፤ ብዙዎቹ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ሆኑ።

ከዚያም ጦርነቱ መጣ። በየካቲት 1942 የብሪታንያ ወታደሮች በፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ ብሩኔቫል ላይ በፓራሹት ወርደው የጀርመንን የራዳር ዕቃ ነጥቀው ሲመለሱ፣ በእንግሊዝ ደቡባዊ ዳርቻ የነበረው የራዳር ምርምር ተቋም ደግሞ በተራው የአጸፋ ጥቃት ይደርስበታል የሚል ስጋት አደረ። በዚያው ዓመት ግንቦት ተቋሙ ከነሳይንቲስቶቹ ወደ ሞልቨርን ተዛውሮ በከተማዋ ትልቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ሥራውን ቀጠለ፤ ተማሪዎቹ ለንደን አጠገብ ወዳለው ሃሮ ትምህርት ቤት ተላኩ። ከባሕር የራቀ፣ በኮረብታ የተከለለና ትልልቅ ሕንፃዎች ያሉት የገጠር ከተማ መሆኑ ነው ቦታውን ያስመረጠው። እንግዲህ ጸሐፊው ሳይንስ የሌለበት ምክንያት አድርገው ያቀረቡት ገጠርነቱ፣ በእውነቱ ሳይንሱን ያመጣው ምክንያት ነው።

ተቋሙ ከጦርነቱም በኋላ አልሄደም። የዚሁ ተቋም መሐንዲስ የነበረው ጄፍሪ ደመር በ1952 አንድ ሙሉ የኤሌክትሮኒክስ ዑደት በአንድ ጠጣር ቁስ ላይ (ዛሬ ቺፕ በምንለው) ሊሠራ እንደሚችል በይፋ ተናግሯል፤ ሐሳቡን በተግባር ያዋሉት ከዓመታት በኋላ አሜሪካውያን ቢሆኑም ቀድሞ ያሰበው እርሱ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያም የሞልቨርን ተመራማሪዎች ከሃል ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ከጆርጅ ግሬይ ጋር ተባብረው በተራ የክፍል ሙቀት የሚረጋ ፈሳሽ ክሪስታል አስገኙ፤ የእጅ ሰዓትና የካልኩሌተር ጠፍጣፋ መስታወቶች በሰፊው ሊመረቱ የቻሉት በዚህ ግኝት ነው። ተቋሙ ዛሬ በከፊል ኪኔቲክ በተባለው የመከላከያ ቴክኖሎጂ ኩባንያ ሥር ይገኛል፤ በዙሪያውም ከእርሱ የወጡ አነስተኛ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች አሉ፣ ከተማዋ የራሷ የሳይንስ ፓርክ አላት። በ1909 የተመሠረተው የሞርጋን የመኪና ፋብሪካም እዚያው ነው፤ የመኪናው አካል የሚያርፍበትን ማዕቀፍ እስከ ዛሬ አሽ ከተባለው ዛፍ እንጨት በእጅ ይሠራል። በ2019 አብዛኛው ድርሻ በጣሊያኖች የተመሠረተ የኢንቨስትመንት ድርጅት ቢገዛውም መኪናው ከሞልቨርን አልወጣም። በነገራችን ላይ ጽሑፉ ሙዚቀኛውን ኤድዋርድ ኤልጋርን “የዉስተር ከተማ ልጅ” ብሎ አልፎታል፤ በ1857 የተወለደው በዚሁ ወረዳ፣ ሎወር ብሮድሂዝ በተባለ መንደር ነው፣ የተቀበረውም ሊትል ሞልቨርን ነው።

አሁን ወደ ምክር ቤቱ ሥልጣን። ጸሐፊው የወረዳው ምክር ቤት ትምህርት ቤቶችን፣ መንገዶችንና ሆስፒታልን እንደሚያስተዳድር ጽፈዋል። ከሦስቱ አንዱም የእርሱ አይደለም። በዚህ የእንግሊዝ ክፍል አስተዳደሩ ሁለት ደረጃ አለው። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አስተዳደራዊ ኃላፊነት፣ የአረጋውያንና የሕፃናት ማኅበራዊ ክብካቤ፣ መንገድ፣ ቤተ መጻሕፍትና የመሳሰለው የካውንቲው ምክር ቤት ነው። ሆስፒታል የብሔራዊ ጤና አገልግሎቱ ነው። ለወረዳው የሚቀሩት የቤት ቆሻሻ ማንሣት፣ የግንባታ ፈቃድ መስጠት፣ ቤት ለሌላቸው መጠለያ መፈለግ፣ የምግብ ቤቶችን ንጽሕና መቆጣጠር፣ ምርጫ ማስፈጸምና ግብር መሰብሰብ ናቸው። የኪራይ ቤቶች እንኳ የሉትም፤ የነበሩትን በ1990ዎቹ ለቤቶች ማኅበር አስተላልፏል።

ግብሩን በተመለከተ አንባቢን የሚያሳስት ነገር አለና ላብራራ። የካውንስል ታክስ ደረሰኝ የሚመጣው በወረዳው ስም ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ገንዘቡ ሁሉ ለወረዳው የሚገባ ይመስለዋል። ነገር ግን ከሚሰበሰበው አሥር ፓውንድ ለወረዳው የሚቀረው አንድ ፓውንድ አይሞላም፤ አብዛኛው ለካውንቲው ይተላለፋል፣ የቀረው ለፖሊስ፣ ለእሳት አደጋ መከላከያና ለአጥቢያ ምክር ቤቶች ይከፋፈላል። የእሳት አደጋ መከላከያው እስከ ዛሬ “ሄሪፎርድና ዉስተር” የሚለውን ስም ይዞ መቆየቱ የዚያ በ1998 የፈረሰ ካውንቲ ቅሪት ነው። ወረዳው በገንዘብ በኩል እንዲህ ጠባብ ስለሆነ ዋና ሥራ አስፈጻሚውንና ብዙ ሠራተኞቹን ከጎረቤቱ ከዊቻቨን ወረዳ ጋር ይጋራል። ፖለቲካውም ጸሐፊው እንዳሉት “የአንድ ፓርቲ ርስት” አይደለም፤ በ2019ም ሆነ በ2023 በተደረጉት ምርጫዎች አንድም ፓርቲ አብላጫ ወንበር አላገኘም።

ምክር ቤቱ በእርግጥ ክርን ያለው በግንባታ ፈቃድ ላይ ነው፤ ጭቅጭቁም ያለው እዚያው ነው። ሞልቨርን ሂልስ፣ ዊቻቨንና የዉስተር ከተማ በጋራ ያዘጋጁት የልማት ዕቅድ በ2016 ሲጸድቅ እስከ 2030 ድረስ ከ28 ሺህ በላይ ቤቶች እንዲሠሩ ይጠይቅ ነበር። የዉስተር ከተማ መሬት ጠባብ በመሆኑ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ የሚስፋፋው ትልቅ የመኖሪያ ሰፈር የሚያርፈው በሞልቨርን ሂልስ ወረዳ መሬት ላይ ነው። የገጠሩ ሰው እርሻው ወደ መንደር ሲለወጥ ይቃወማል፤ ልጆቹ ግን በተወለዱበት አካባቢ ቤት የመግዛት አቅም አጥተው ይሰደዳሉ። ሁለቱም ቅሬታ እውነት ነው፤ የወረዳው ምክር ቤት አባላት ደግሞ በየወሩ በስብሰባ ላይ የሚፋጠጡት ከሁለቱም ጋር ነው።

“ጭንቀት የሌለበት ኑሮ” የሚለውን ነጥብ በተመለከተ፣ የሰቨርንና የቲም ወንዞች ምስክር ይሆናሉ። በሐምሌ 2007 በተከሰተው ትልቅ ጎርፍ አፕተንም ቴንበሪም ተጥለቅልቀዋል። አፕተን በ2012 የተጠናቀቀ የጎርፍ መከላከያ ግንብ አግኝታለች፤ ከዚያ ወዲህ ወንዙ ሲሞላ ከተማዋ ከቀድሞው በተሻለ ትቋቋማለች። ቴንበሪ ግን እንዲህ አልቀናትም። ከተማዋን ቲም ከሰሜን፣ ኪየር የተባለው ጅረት ደግሞ ከጎን ይይዟታል። በ2020 በዴኒስ ማዕበል ተጥለቀለቀች፤ በኅዳር 2024 በበርት ማዕበል ጊዜ ደግሞ በጅረቱ ዳር የነበረ ግድግዳ ተደርምሶ ውሃው በገበያው መንገድ ላይ እንደ ወንዝ ፈሰሰ። ለብዙ ዓመታት ቃል የተገባላት የመከላከያ ግንባታም ወጪው ከታሰበው በላይ ንሮ በ2025 እንዲቀር ተደረገ።

እዚህ ላይ ነው የአስተዳደሩ ጥያቄ ከወረቀት የሚወርደው። አንድ የቴንበሪ ባለ ሱቅ ጎርፍ ሲገባበት ለማን ያመልክታል? ትልልቆቹ ወንዞች የአገር አቀፉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ናቸው፤ የዝናብ ውሃ ጎርፍና የመንገድ ቦዮች የካውንቲው ናቸው፤ በጎርፍ ሜዳ ላይ ቤት እንዲሠራ ወይም እንዳይሠራ የሚፈቅደው ወረዳው ነው፤ የቆሻሻ ውሃ መስመሩ የውሃ ኩባንያው ነው፤ ከጅረቱ ዳር ያለው ግድግዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ የግል ባለቤቱ ነው። ከዚህም በላይ ከወንዙ ማዶ ያለችው በርፈርድ በሌላ ካውንቲ፣ በሽሮፕሽር፣ ውስጥ ናት። ሞልቨርን ካለው የወረዳው ጽሕፈት ቤት እስከ ቴንበሪ ድረስ በመንገድ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የባቡር ጣቢያ በወረዳው ውስጥ ያለው በሞልቨርን ብቻ ነው፣ እርሱም ሁለት። የአውቶቡስ መስመር እየሳሳ በሄደበት ገጠር መኪና የሌለው አረጋዊ ሐኪም ቤት መድረስ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ብዙ መንደሮች የጋዝ መስመር ስላልደረሰላቸው ቤታቸውን የሚያሞቁት በቦቴ በሚመጣ ዘይት ነው፤ የዘይት ዋጋ ሲንር የሚከላከልላቸው የለም። ጸሐፊው በበጋ ቀን ያዩት ለምለም ሜዳ እውነት ነው፤ በጥር ወር የሚመጣው የዘይት ሒሳብም እንዲሁ።

ስለ ንጉሠ ነገሥቱ የተጻፈውን በጥንቃቄ መመልከት ይገባል፤ የአማርኛ አንባቢ ከጽሑፉ ሁሉ አጥብቆ የሚይዘው ይህን ስለሆነ ነው። ጽሑፉ ግርማዊነታቸው የጄኔቫውን ንግግር እዚህ እንዳዘጋጁ፣ እስከ 1941 ድረስም መቀመጫቸው ሞልቨርን እንደነበረ ይናገራል። ይህ ውሃ አያነሣም። ንጉሠ ነገሥቱ ብሪታንያ የገቡት በሰኔ 1936 መጀመሪያ ሲሆን፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት የተናገሩት በዚያው ወር በ30ኛው ቀን ነው፤ በመካከሉ የነበሩት ሳምንታት በለንደን ያለፉ ናቸው። የስደት መኖሪያቸው በባዝ ከተማ የገዙት ፌርፊልድ ሃውስ ነው፤ ባዝ ደግሞ በሶመርሴት በኩል፣ ከሞልቨርን ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። ከብሪታንያ የወጡትም በ1940 ሰኔ ወደ ሱዳን ሲሆን፣ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 በእኛ አቆጣጠር፣ ማለትም ግንቦት 5 ቀን 1941 ነው። ፌርፊልድ ሃውስን በ1958 ለባዝ ከተማ አረጋውያን አበርክተውታል።

የሞልቨርን ድርሻ ከዚህ ያነሰ ቢሆንም እውነተኛ ነው፤ ማጋነንም አያስፈልገውም። ግርማዊነታቸው በ1930ዎቹ ሞልቨርን ውስጥ የቆዩበት ጊዜ አለ፤ ሊንክ ቶፕ በተባለው ሰፈር በሚገኘው በቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ይካፈሉ ነበር። የልጅ ልጆቻቸውና የአንዳንድ መኳንንት ሴቶች ልጆች የተማሩትም በሰሜን ሞልቨርን በነበረው ክላረንደን በተባለ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ነው። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ ከላይ እንዳልኩት የውሃ ሕክምናው ሲያበቃ ከተማዋ የአዳሪ ትምህርት ቤቶች ከተማ ሆና ስለነበር ነው። ሰኔ 25 ቀን 2011 የቆይታቸው መታሰቢያ የሆነ ሰማያዊ ሰሌዳ ሲመረቅ የራስ ተፈሪያን ልዑካን ተገኝተው አጭር ንግግር አድርገዋል፣ ከበሮም መትተዋል። ደግሞም ያን ጊዜ ከተማዋን ያስተዳድር የነበረው የሞልቨርን ከተማ ወረዳ ምክር ቤት እንጂ ገና ወደ አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ የተፈጠረው ሞልቨርን ሂልስ አልነበረም።

የቀረው የመሰረዙ ጉዳይ ነው። መንግሥት በታኅሣሥ 2024 ባወጣው ሰነድ ሁለት ደረጃ ያለው የአካባቢ አስተዳደር ባለበት ሁሉ በአንድ ደረጃ እንዲተካ እንደሚፈልግ አስታውቋል፤ በሰሜን ዮርክሽርና በካምብሪያ በ2023 የተደረገው ለዚህ ምሳሌ ነው፣ በዚያ ራይዴልና ኢደን የተባሉት እንደ ሞልቨርን ሂልስ ያሉ የገጠር ወረዳዎች በእርግጥ ፈርሰዋል። ሐሳብ ማቅረብና ማፍረስ ግን ይለያያሉ። በዉስተርሽር የሥልጣን ርክክቡ የታሰበው ለሚያዝያ 2028 ነው፤ ሕጉ ወጥቶ፣ ለአዲሱ ምክር ቤት ምርጫ ተደርጎ፣ ሥራው እስኪተላለፍ ድረስ ወረዳው በሕግ ፊት ሙሉ አካል ነው።

ክርክሩም በመኖርና ባለመኖር መካከል አይደለም። አንዱ ወገን ለመላው ዉስተርሽር አንድ ምክር ቤት ይበቃል ይላል፤ የአረጋውያንና የሕፃናት ክብካቤን ለሁለት መክፈል ወጪ ያበዛል፣ አገልግሎቱንም ያናጋል ባይ ነው። ሌላው ወገን ካውንቲው ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ይከፈል፣ ሞልቨርን ሂልስም ከዉስተር ከተማና ከዊቻቨን ጋር በደቡቡ ይጠቃለል ይላል፤ ሦስቱ የልማት ዕቅድ አብረው ሲያወጡ፣ ግብርም በጋራ መሥሪያ ቤት ሲሰበስቡ መቆየታቸውን ለዚህ ያቀርባል። ቴንበሪ በየትኛውም መንገድ ዛሬ ካለው የባሰ ከውሳኔ ቦታ መራቋ አይቀርም፤ በዚያን ጊዜ ለነዋሪው ቅርብ ሆኖ የሚቀረው የአጥቢያው ምክር ቤት ነው፣ እርሱም በገንዘብና በሠራተኛ እጅግ አነስተኛ ነው። የአጥቢያ ምክር ቤቶች ከወረዳው የሚወርሱት ሥራ ምን ምን እንደሆነ፣ ገንዘቡም ከየት እንደሚመጣ በግልጽ ካልተወሰነ፣ የቴንበሪ ባለ ሱቅ በሚቀጥለው ጎርፍ ወቅት የሚደውልበት ስልክ ቁጥር ብቻ ነው የሚለወጠው።